የባሕር ሞተር

ጂፑ ያጎቴ ነው፤ ሲሞት ለኔ ተወው።
ቤንዚን እንደ ውኃ እየጨለጠ ነው
ዳገት የሚወጣው።
ባለፈው መስከረም፣ ከተራራው በጎች ስንሰበስብ፣
ወንዝ መሐል ገብተን፣ ውኃው ካንዴላው ላይ ሲንጠባጠብ፣
ሳል ያዘው፤ አነቀው፤ ዝም አለ እንደ ድንጋይ።
እኔና ወንድሜ ስናይብዮርን ተቀመጥን ጣራው ላይ፣
ጎረቤት ኬቲል በትራክተር እስኪደርስ፣
ገመዱን እያሰረ በሳቅ እስኪፈርስ።

የአባቴ ጀልባ ደግሞ፣ ሲግርቬይግ የምትባል
(በእናቴ ስም ነው)፣
ሦስት ዓመት ሆኗታል ደረቅ መሬት ላይ ስትንጋለል።
የማጥመድ ፈቃዷን ባንክ ነው የበላው፤
ጣውላዋን ምስጥ ሳይሆን ዝናብ ነው የፈታው።
ለዘመን መለወጫ፣ በአይስላንድ ልማድ፣
ደመራ ሲደመር አሮጌ ጀልባ ነው ከሥር የሚነድ።
መንደሩ ሲጠይቅ አባቴ እሺ አለ፤
አንድ ነገር ብቻ ነው ያስከተለ፦
«ሞተሯን አውጡላት።
እሱ ዕዳ የለበት።»

እናም ኅዳር ወር ላይ፣ ከጋጣው ጎን ባለው ጎተራ፣
በሰንሰለት አንጠለጠልነው ያንን የናፍጣ ተራራ።
ካሮጌው ሞተር በሦስት ሙክት ይከብዳል።
ከጂፑ ካምቢዮ ጋር አይተዋወቁም፤
ያንዱ ቡሎን ለሌላው ቀዳዳ አይሆንም።
ሽማግሌ ይግባ ተባለ፦ መሐል የሚቆም ብረት፣
ሁለቱም ወገን የሚስማማበት።
እኔ ነኝ የቆረጥኩት።
ሁለት ሚሊሜትር ሳትኩት።
በእጅ ስናሾረው ቮላኖው ፋቀና ጮኸ፤
በጎቹ ተጋፍተው ወደ ግድግዳው ሸሹ።
ያን ብረት ወርውሬ በረዶ ውስጥ ቀበርኩት፤
በማግስቱ ሌላ፣ ትንፋሼን ይዤ፣ ቆረጥኩት።

ባሕር ነበር የሚያበርደው፤ እዚህ ባሕር ከየት ይምጣ?
ከሞተ ትራክተር ራዲያተር መጣ።
የውኃ መንገዱን ስንፍቀው ብንውል
ጨው ወጣ፣ አንድ አሞሌ የሚያህል።
ስናይብዮርን በጣቱ ቀመሰው።
«አርባ ዓመት ይላል» አለ።
ልስቅ ነበር፤ ፊቱን አየሁና ተውኩት።

ናፍጣ አኩራፊ ነው፤ መስመሩ ውስጥ አየር ከገባ አይነሳም።
ዳዶውን አላልተን፣ ፖምፓውን በእጅ እየገፋን፣
አረፋው እስኪያልቅ ጠበቅን።
ሞቶሪኖው አቃሰተ።
ደግሞ አቃሰተ።
በሦስተኛው ጥቁር ጭስ ጎተራውን ሞላ፣
ዱግ፣ ዱግ፣ ዱግ፣ የጣሪያው ቆርቆሮ ሁሉ አብሮት እያወራ።
አባቴ አይሰማም፤ ባሕሩና ይኸው ሞተር
ተባብረው ነው ጆሮውን የበሉት።
ካቻቢቴ አነሳ፤ ጫፉን ብረቱ ላይ፣
እጀታውን ከጆሮው ጀርባ አጥንቱ ላይ አሳረፈ፤
ዓይኑን ጨፈነ።
«ሦስተኛው ፒስተን ሰነፍ ነው» አለ።
«ዱሮም ሰነፍ ነው።»

ጀልባዋ ስትነድ፣ መንደሩ ሲዘምር፣
እሱ ጂፑ ውስጥ ነበር፣
ሞተሩን አስነስቶ፣ መዳፉን ዳሽቦርዱ ላይ አኑሮ።
መስኮቱን አልከፈተም።

ዘንድሮ መስከረም። ያው ወንዝ፣ ያው በግ።
ባሌስትራው ክብደቱን አልቻለም፤ ጂፑ አፍንጫውን ደፍቷል
እንደሚያነፈንፍ ውሻ።
ኬቲል ገመዱን ትከሻው ላይ ጥሎ ማዶ ቆሟል።
«በሰያፍ ግቢ» አለ አባቴ፣
«ማዕበል ፊት ለፊት አይጋጠሙትም።»
ውኃው የፊት መብራቱን ዋጠ፤ እግራችን ራሰ።
ሞተሩ አልሳለም።
ውኃ ለሱ ብርቁ አይደለም።
ወጣን። ኬቲል ዝም ብሎ ገመዱን ጠቀለለ።
ከዚያ መብራቱ ጠፋ
(ሽቦው የኔ ሥራ ነው፣ አላስተባብልም)፤
ኬቲል ሳቀ፣ ልክ እንዳምናው።

መሸብን። አባቴ የእጅ ባትሪ አብርቶ
ክንዱን በመስኮቱ አውጥቶ፣
አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ኮረኮንች መራን፣
በጎቹ ከፊት፣ እኛ ከኋላ፣
እሱ እያጉረመረመ፦
«በቀኝ በኩል እኮ ደንቡ አረንጓዴ ነው።»